በገጽ በገጽ ስለሚመጣ መልስ



ይህች መጽሔት እጃችሁ ከመግባቷ በፊት የምታልፍበትን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጽሑፉ በታይፕ ይመታል፤ በማባዣው ማሽን ይባዛል፤ ከዚያም ጥቂት ፈቃደኞች በጠረጴዛው ዙሪያ እየዞርን ቅጠሉን በየተራ እያነሣን እንደራርባለን፤ በመጨረሻም በሽቦ ይያዛል። በዚህ ዙረት መካከል አንድ ቅጠል የተዘለለ እንደሆነ ከሁለት ነገር አንዱ ይደርሳል። ዐረፍተ ነገሩ ከመሀል ተቆርጦ የቀረ እንደሆነ አንባቢው ወዲያው ያውቅና ቅሬታውን ይዞ ይመጣል። ነገር ግን የቀደመው ገጽ በአራት ነጥብ ያለቀ፣ የሚከተለውም በአዲስ አንቀጽ የሚጀምር እንደሆነ ጉድለቱን ማንም ሳያውቀው ይነበባል። ባለፈው ዓመት በአንዱ እትማችን ይህ ደርሶ ነበር። የጎደለውን ገጽ ፈልጎ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም የጽሑፉ ደራሲ ነበር።

ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት በአራት ነጥብ አልቆ ስለሚጎድለው ገጽ ነው። የምናገኘው ግን በወረቀት ላይ ሳይሆን፣ ከሌላ ሰው ኮምፒዩተር መረጃ የሚለምን ፕሮግራም በምንጽፍበት ጊዜ ነው። በዩኒቨርሲቲያችን ይህን ሥራ የሚሠሩት የኮምፒዩተር ተማሪዎች ብቻ እንዳልሆኑ ታውቃላችሁ፤ የኢኮኖሚክስ፣ የጂኦግራፊ፣ የዓሣና የጤና ተማሪው ሁሉ ዛሬ ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃውን የሚያወጣው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ፕሮግራም ከሌላ ድርጅት ኮምፒዩተር መረጃ የሚጠይቅበት በር ኤፒአይ ይባላል። ባለ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄዶ በመስኮት በኩል ማመልከቻ እንደሚያቀርብ ሁሉ፣ ፕሮግራሙም በታወቀ አጻጻፍ ጥያቄውን ያቀርባል፤ መልሱም በታወቀ አጻጻፍ ይመለስለታል። ሰው ድረ ገጽ ሲያነብ ከግርጌው «ቀጥል» የሚል ምልክት ያያል፤ ተጨማሪ እንዳለም ይረዳል። ፕሮግራም ግን እይ ያሉትን ብቻ ነው የሚያየው።

ነገሩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ለመመረቂያ ጽሑፌ የኢትዮጵያ ሕዝብ በየዓመቱ እንዴት እንደጨመረ የሚያሳይ መስመር ለመሣል ተነሥቼ ነበር። የዓለም ባንክ እንዲህ ያለውን አኀዝ ለማንኛውም ጠያቂ ያለ ክፍያና ያለ ምዝገባ በኤፒአይ ይሰጣል። ሰባታሚት በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ አንድ ምሽት አሥር መስመር የማትሞላ ፕሮግራም ጻፍሁ። መልሱ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ መጣ፤ መስመሩም ተሣለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ይጀምራል፤ በ2024 ያልቃል። ሙሉ ሃምሳ ዓመት ነው፤ የሚያምር መስመር ነው።

ልብ በሉ፤ ምንም የስሕተት ምልክት አልታየም። ቀይ ጽሑፍ አልወጣም፤ ባዶ ቦታ የለም፤ ቁጥሮቹም እያንዳንዳቸው ትክክል ናቸው። እኔም ከዚህ የባሰውን አደረግሁ። መስመሩ ለምን በ1975 እንደሚጀምር ምክንያት መስጠት ነበረብኝና፣ ከአብዮቱ በፊት የነበረው መንግሥት የተሟላ አኀዝ ስላልያዘ መረጃው ከአብዮቱ ወዲህ ያለውን ዘመን ብቻ ይሸፍናል ብዬ ጻፍሁ። ያልተጠየቅሁትን ምክንያት ከራሴ ፈጥሬ በአንድ ዘመን ላይ ፈረድሁ ማለት ነው።

መምህሬ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ «የጃንሆይን ዘመን የት አደረስኸው?» አሉኝ። መልስ ስላጣሁ እርሳቸው ቀጠሉ። የስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት በአገራችን የተቋቋመው በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ እንደሆነ፣ ስታቲስቲካል አብስትራክት የተባለ ዓመታዊ የአኀዝ መጽሐፍም ያወጣ እንደነበር ነገሩኝ። «በየቀኑ በበሩ የምታልፍበት ፖሊ ቴክኒክ እንኳ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው በ1955 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሕዝብ አልነበረም ልትለኝ ነው?» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ መልሱን እንደመጣ፣ ምንም ሳልቆርጥለት አነበብሁት። ለካ መልሱ ሁለት ክፍል አለው። ሁለተኛው ክፍል እኔ የፈለግሁት የአኀዝ ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው ክፍል ግን እንዲህ ይላል፤ ይህ ገጽ 1 ነው፤ ጠቅላላው ገጽ 2 ነው፤ በየገጹ 50 ረድፍ አለ፤ ጠቅላላው ረድፍ 65 ነው። እኔ ፕሮግራሙን ስጽፍ «የሚያስፈልገኝ ሁለተኛው ክፍል ነው» ብዬ የመጀመሪያውን እንዲጥለው አዝዤው ነበር። በመስኮቱ ያለው ሰው ገና አንድ ገጽ እንደሚቀረኝ ነግሮኝ ኖሯል፤ እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ሄጃለሁ።

ሁለተኛውን ገጽ ጠየቅሁ። 15 ረድፍ መጣ፤ ከ1974 ጀምሮ እስከ 1960 ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። የዓለም ባንክ የቅርቡን ዓመት አስቀድሞ የሩቁን በስተኋላ ስለሚያስቀምጥ፣ የገጹ ድንበር ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዓመትና በሚከተለው ዓመት መካከል ወደቀ። ያን ያህል የሚያሳምን ምክንያት ለመፍጠር የቻልሁትም ስለዚህ ነው። ገጹ በአራት ነጥብ አልቆ ነበርና።

እዚህ ላይ «መረጃውን ሁሉ አንድ ጊዜ ለምን አይሰጡንም?» የሚል አይጠፋም። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፈውን ባለ ታንኳ ያየ ሰው ይህን አይጠይቅም። ደንገል የሚችለው ጭነት የታወቀ ነው፤ ከዚያ በላይ የጫነ እንደሆነ እንጨቱም ታንኳውም ሐይቅ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ባለ ታንኳው ይመላለሳል። መረጃ አቅራቢውም ኮምፒዩተር እንዲሁ ነው። በአንድ ሰዓት የሺህ ሰዎችን ጥያቄ ስለሚመልስ፣ አንዱ ጠያቂ ከ16,000 በላይ ረድፍ ባንድ ጊዜ ልውሰድ ቢለው ሌላው ሁሉ ይጉላላል። የዓለም ባንክን የአንድ አገር ሳይሆን የአገሮችን ሁሉ የሕዝብ ቁጥር የጠየቀ ሰው የሚጠብቀው ይህን ያህል ነው፤ ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ ቢወስደው ከ320 ጊዜ በላይ መመላለስ አለበት። እንጨቱን የሚረከበው ነጋዴ ግን የመጀመሪያው ታንኳ እንደ ደረሰ ሱቁን ዘግቶ የሚሄድ እንደሆነ ጥፋቱ የባለ ታንኳው አይደለም።

ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንዳንዶቹ «ከ65 ረድፍ 50 ካገኘህ ምን ጎደለህ? እንደ ናሙና ቁጠረው» አሉኝ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ናሙና አይደለም። ናሙና ማለት እያንዳንዱ ዕጣ የመውጣት ዕድል ኖሮት የተመረጠ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ግን በአንድ ሥርዐት ከተሰለፈ ሕዝብ ፊት ለፊት የቆሙት ብቻ ናቸው። የሚቀሩትም ሁልጊዜ እነዚያው፣ ከኋላ የቆሙት ናቸው። በእኔ መስመር የቀሩት የጥንቶቹ ዓመታት ነበሩ፤ መቶ ሰው ያንኑ ፕሮግራም ቢጽፍ መቶውም የሚያጣው እነዚያኑ ዓመታት ነው። የአንዱን ስሕተት ሌላው እንዳያርመው የሚያደርገው ይህ ነው። ሁሉም አንድ ዐይነት መስመር ይዞ ይመጣና መስመሩ የተመሰከረለት እውነት ይመስላል።

ሌላ አስረጅ ልስጥ፤ ከራሳችን ፊደል ነው። የአማርኛ ውክፔዲያም እንደ ሌሎቹ ውክፔዲያዎች ኤፒአይ አለው። «ያሉህን አርእስቶች ሁሉ ዘርዝርልኝ» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ካላስፋፋው በቀር፣ አሥር አርእስት ብቻ ይመለስለታል፤ ለተራ ጠያቂ ከፍተኛው 500 ነው። አርእስቶቹ የሚሰለፉት በፊደል ተራ ነው። በቁጥርና በላቲን ፊደል የሚጀምሩት ይቀድማሉ፤ ከዚያ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ይወርዳል። እንግዲህ ከእኛ አገር ስሞች ማን ወዴት እንደሚቆም ተመልከቱ። ሰባታሚትና ባሕር ዳር ብዙም ሳይርቁ ይሰለፋሉ። ጎጃምና ጎንደር ወደ ኋላ ናቸው፤ ጣናና ጢስ ዓባይ ከእነርሱም በኋላ፤ ፋሲል ደግሞ ከመጨረሻው ጥግ ነው። የመጀመሪያዎቹን 500 አርእስቶች ሰብስቦ «የአማርኛ ውክፔዲያ ስለ ጎጃምና ስለ ጣና የጻፈው የለም» ብሎ የሚደመድም ተማሪ ቢኖር፣ አንድም ቁጥር ሳያዛባ ሐሰት ተናግሯል። ስሙ በፀ ወይም በፈ የሚጀምር ጓደኛ ያለው ይህን አይስተውም፤ የመኝታ ክፍል ድልድል በስም ተራ በወጣ ቁጥር የሚተርፈውን የሚወስደው እርሱ ነውና።

ውክፔዲያ የሚሠራበት መንገድ ከዓለም ባንክ ይለያል። «ገጽ ሁለትን ስጠኝ» አይባልም። መልሱ ገና ካላለቀ ከመልሱ ጋር «ኮንቲኒው» የተባለ ክፍል አብሮ ይመጣል፤ በውስጡም ምልክት አለ። በሚቀጥለው ጥያቄ ያንኑ ምልክት እንዳለ መልሶ መስጠት ነው። ምልክቱን ማሻሻል፣ መተርጐም፣ ወይም በግምት መሥራት አይፈቀድም። ያ ክፍል ሳይኖር የመጣ መልስ የመጨረሻው ነው ማለት ነው። ዘበኛ የሰጣችሁን የመግቢያ ካርድ ሳታጥፉ እንደምትመልሱለት ያለ ነው።

ሁለቱ መንገዶች አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ትልቅ ልዩነት አላቸው። በኅብረት ሱቅ በር የዘይት ሰልፍ አለ እንበል። እኔ የተሰላፊዎቹን ስም እንድመዘግብ ታዝዣለሁ፤ ባንድ ጊዜ የምጽፈው ግን ሃያ ሰው ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ጽፌ ወረቀቴን ላደርስ ሄድሁ። በዚህ መካከል ሦስተኛ ቆማ የነበረችው ወይዘሮ ልጇ አልቅሶባት ከሰልፉ ወጣች። ተመልሼ «ከሃያ አንደኛው ጀምሬ ልመዝግብ» ያልሁ እንደሆነ፣ ቀድሞ ሃያ አንደኛ የነበረው ሰው አሁን ሃያኛ ሆኗል፤ ስለዚህ እዘለዋለሁ። ያ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሳለ በመዝገቤ የለም። የዚህ ተቃራኒም አለ። ከፊት አንድ ሰው ጣልቃ የገባ እንደሆነ ሃያኛው ሃያ አንደኛ ይሆንና ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ዘይቱንም ሁለት ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ተሰላፊ አስቀድሞ የቁጥር ወረቀት ታድሎት ቢሆንና እኔም «የመጨረሻው የጻፍሁት ባለ 57 ቁጥር ነው፤ ከ57 በላይ ያለውን አቅርቡልኝ» ብል፣ ማንም ቢወጣ ማንም ቢገባ የምቀጥልበት ቦታ አይናወጥም።

የመጀመሪያው ዘዴ በቦታ መቁጠር ነው፤ በፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ ኦፍሴት ይባላል። ሁለተኛው በምልክት መቀጠል ነው፤ ከርሰር ይሉታል። የውክፔዲያ ምልክት «ከዚህ አርእስት ጀምር» የሚል ስለሆነ ከሁለተኛው ወገን ነው። የዓለም ባንክ ዐይነቱ የገጽ ቁጥር ደግሞ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ አዲስ ዓመት በተጨመረ ቁጥር የቀድሞው ሁሉ አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ይገፋል። እኔ በጠየቅሁ ጊዜ የገጽ አንድ መጨረሻ የነበረው 1975 እንኳ የ2025 አኀዝ ሲገባ ወደ ገጽ ሁለት የሚወርድ ነው። መረጃው በዓመት አንዴ ብቻ የሚለወጥ እንደሆነ አደጋው ጥቂት ነው። በየደቂቃው የሚጨመርበትን መዝገብ ግን በቦታ ቁጥር መሰብሰብ ሰልፈኛ እየዘለሉ መመዝገብ ነው። ምርጫ ያለው ሰው ከርሰርን ይምረጥ። ምርጫ የሌለው ደግሞ ቢያንስ የማይለወጥ ተራ ይጠይቅ፤ ለምሳሌ መጀመሪያ ከተመዘገበው ወደ ኋለኛው የሚሄድ ተራ፤ አዲስ መጪው ከሰልፉ ጭራ እንዲቆም ነው።

አሁን ወደ ሐይቃችን ልመለስ፤ ከሁሉ የከፋውን ወጥመድ ያገኘሁት በጣና ዓሦች ምክንያት ነውና። በጣና ውስጥ ላቤዎባርበስ የተባለው ወገን ወደ 15 የሚጠጉ ዐይነቶች አሉት፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ቁጥራቸው እጅግ እንደቀነሰ በጥናት ተጽፏል። ስለ እነዚህና ስለ ሌሎች ፍጥረታት በየሙዚየሙና በየጥናቱ የተያዘው መዝገብ ጂቢፍ በተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት ይሰበሰባል። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ጽሕፈት ቤቱም በኮፐንሃገን ነው። ኤፒአዩ ለሁሉ ክፍት ነው።

ጂቢፍ ካላዘዙት በቀር በአንድ ገጽ 20 መዝገብ ይሰጣል። የዓለም ባንክን ትምህርት የቀመሰ ሰው ወዲያው የሚያስበው ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ነው፤ እኔም «በየገጹ 1,000 ስጠኝ» ብዬ ጻፍሁ። ጂቢፍ ግን በአንድ ገጽ ከ300 በላይ አይሰጥም። ደግሞም አይከራከርም። «አልችልም» ብሎ ቢመልስልኝ ኖሮ አርመው ነበር፤ እርሱ ግን ዝም ብሎ 300 ሰጠኝ። እንግዲህ ጠቅላላው መዝገብ 700 ነው እንበል። ፕሮግራሜ 1,000 የወሰደ መስሎት በሚቀጥለው ዙር «ከ1,000ኛው ጀምር» ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም ስለሌለ ባዶ መልስ ይመጣል፤ «ኤንድ ኦፍ ሪከርድስ» የሚለውም ምልክት «አልቋል» ይላል። ፕሮግራሜ በደስታ ይቆማል። በእጄ ያለው 300 ነው፤ 400ው ሳይነካ ቀርቷል። ጠቅላላው 5,000 ቢሆን ደግሞ ከየሺሁ 300 እየወሰደ 700 እየዘለለ ይሄዳል።

ዓሣው ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም ብሎ በየዘመኑ የተመዘገበውን የሚያነጻጽር ተማሪ እንዲህ ያለ ዝርዝር ይዞ ቢነሣ፣ የሌለውን መቀነስ ሊያገኝ፣ ወይም ያለውን መቀነስ ሊሰውር ይችላል። በመረብ የሚተዳደረው ሰው ኑሮ በዚህ ክርክር ውስጥ አለበት። ስለዚህ ወደ ፊት የምንራመደው በጠየቅነው ልክ ሳይሆን በተቀበልነው ልክ ነው። 300 ከመጣ 300 ወደ ፊት፤ 299 ከመጣ 299 ወደ ፊት። በመልሱ ላይ «ካውንት» የሚል ጠቅላላ ቁጥር አለና መጨረሻ ላይ ከሰበሰቡት ጋር ማስተያየት ነው። እንዲያውም ቁጥሩን ብቻ የሚፈልግ ሰው መዝገቡን መሰብሰብ አያሻውም፤ በየገጹ ዜሮ መዝገብ ብሎ ጠይቆ ካውንቱን ማንበብ ይበቃዋል። ይህን ሳላውቅ ስንት ሌሊት እንዳመሸሁ አልናገርም።

የጂቢፍ መስኮት ሌላም ወሰን አለው። በዚህ መንገድ ከ100,000ኛው መዝገብ ወዲያ አያሳልፍም። የኢትዮጵያን ወፎች መዝገብ ሁሉ ልሰብስብ ያለ ሰው ከዚህ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ለእንዲህ ያለው ሌላ በር ተዘጋጅቷል፤ በነጻ ተመዝግቦ ጥያቄውን ያስገባል፤ ድርጅቱ ዝርዝሩን በአንድ ጥቅል አዘጋጅቶ ሲጨርስ ይነግረዋል፤ ጥቅሉም በጽሑፍ ላይ የሚጠቀስ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ይመስለኛል፤ መርማሪው ያንኑ ጥቅል ከፍቶ ማየት ይችላልና።

ስለ መቋረጥ ደግሞ ለእኛ አገር ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰባታሚት ላይ መብራት የሚሄደው ፕሮግራሙ 180ኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ነው፤ በአምስተኛው ገጽ ላይ ሄዶ አያውቅም። ሁሉን በኮምፒዩተሩ ሐሳብ ውስጥ ይዞ መጨረሻ ላይ አስቀምጣለሁ የሚል ፕሮግራም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ እንደመጣ ለብቻው በፋይል ይቀመጥ፤ ከጎኑም የገጹ ቁጥር ወይም የመጨረሻው ምልክት ይጻፍ፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ መጀመሪያ ያንን ያንብብ። ቀኑም ይጻፍ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፣ አንድ ጓደኛዬ የጀመረውን ስብሰባ ከግማሹ አቁሞ ነበር። ግንኙነቱ ሲመለስ ካቆመበት ገጽ ቀጠለ፤ ፕሮግራሙም አልተሳሳተም። ነገር ግን መዝገቡ በመካከሉ ተለውጦ ስለነበር የፊተኛው ግማሽና የኋለኛው ግማሽ የአንድ ዝርዝር ግማሾች አልነበሩም። ቀኑን ስለጻፈ ይህን ዐወቀና ከሥሩ ጀመረ። ጊዜው አጭር ሲሆን መቀጠል፣ ረጅም ሲሆን እንደገና መጀመር ነው፤ ወሰኑ እንደ መረጃው ነው።

አንዳንዱ መስኮት ቶሎ ቶሎ የሚመላለሰውን «429» በሚል ቁጥር ይመልሰዋል። ይህ ማለት «ጥያቄህ በዝቷል፤ ቆይ» ማለት ነው። ቁጥሩን እንደ ባዶ ገጽ ቆጥሮ «አልቋል» ብሎ የሚያቆም ፕሮግራም አይቻለሁ። የተባለውን ያህል ታግሦ ያንኑ ገጽ መልሶ መጠየቅ ነው እንጂ ወደሚቀጥለው መዝለል አይገባም።

የጤና ተማሪዎች ወገኖቼ ይህ አይመለከተንም እንዳትሉ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዐት በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው፤ ኤፒአዩም ካላዘዙት በቀር በየገጹ 50 ይሰጣል። በአገራችን ያሉት ጤና ኬላዎች ከ17,000 ይበልጣሉ። «ጤና ኬላዎቹን ሁሉ» ብሎ ጠይቆ 50 የተቀበለ ፕሮግራም ካርታ ላይ ሲያሳርፋቸው ባዶውን ሁሉም ያያል፤ ይህ አያሰጋም። የሚያሰጋው የአንድ ወረዳን ዝርዝር ጠይቆ ከ54 ኬላዎች 50ውን ሲቀበል ነው። ካርታው ሙሉ ይመስላል። የአጎበር እደላ በዚያ ዝርዝር ቢወጣ፣ አራት ኬላ የሐይቅ ዳር ሰው ወባውን ይዞ ይጠብቃል።

እኔ ዛሬ ማናቸውንም ዝርዝር ከመጠቀሜ በፊት የማደርገው አንድ ነገር አለ። በውስጡ መኖር እንዳለበት አስቀድሜ የማውቀውን፣ ይልቁንም ከኋላ የሚቆመውን እፈልጋለሁ። በዓመታት ዝርዝር 1960ን፤ በፊደል ዝርዝር ጣናን። ከዚያ የመጣውን ረድፍ ብዛት ከተነገረኝ ጠቅላላ ጋር አስተያያለሁ፤ ሁለት ጊዜ የተጻፈ እንዳለም አያለሁ። ከሦስቱ አንዱ ካልሠመረ ሌላ ሥራ አልጀምርም።

የታረመውን መስመር ይዤ ወደ መምህሬ ተመለስሁ። አሁን በ1960 ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ነጥብ ወደ 22 ሚሊዮን ነው። በአብዮቱ ላይ የሰነዘርሁትን ምክንያትም ሰርዣለሁ። እርሳቸው መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ነጥብ በጣታቸው ነኩና፣ «ይህን ማን ቆጠረው?» አሉኝ። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜም ኤርትራን ጨምሮ ከ42 ሚሊዮን በላይ ተባለ እንጂ በጦርነት ምክንያት ቆጣሪ ያልደረሰባቸው ቦታዎች በግምት የተሞሉ ነበሩ። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ወደ ኋላ እየተሰላ የተገኘ ነው። በሁለተኛው ገጽ ያሉት 15 ረድፎች በሙሉ ግምት ናቸው ማለት ነው፤ በመጀመሪያውም ገጽ ከ1984 በፊት ያሉት እንዲሁ። መስመሩን እንዳለ ትቼ፣ እስከ 1984 ያለውን በነጠብጣብ ሣልሁት።